ሣርም እንደ እህል ይዘራል፤ ይመዘናልም



ስለ ወተትና ስለ ቅቤ መወደድ ሰው ሁሉ ያወራል። አንዱ ነጋዴውን ይወቅሳል፤ ሌላው ደላላውን ያማል፤ ዋጋ ይተመንልን ብሎ መንግሥትን የሚያሳስብም አይጠፋም። ስለ ሣር የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም። እኛ የከተማ ሰዎች፣ ይልቁንም በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የምንውለው፣ ሣርን የምናውቀው በበዓል ዋዜማ ከገበያ ገዝተን ቤት የምንጐዘጕዘው ቄጠማ ሲሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ሣር ማለት ዝናብ ሲዘንብ በራሱ የሚበቅል፣ ዝናብ ሲቀር የሚጠፋ፣ ዘሪም ሒሳብ ያዥም የሌለው ነገር ይመስለናል። ይህ አስተያየት ምን ያህል ወተት እንዳስቀረብን ለማሳየት፣ ሌሎች አገሮች ሣርን እንዴት እንደሚይዙት ከብዙው ጥቂቱን ለአንባብያን ማካፈል ፈለግሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ስለ ሚዛኑ ትንሽ ልበል። አንድ ሸክም እርጥብ ሣር ቢመዘን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከአምስት እጅ አራቱ ውሃ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የመኖ ዐዋቂዎች ሣርን የሚቈጥሩት ውሃው ተወግዶ በሚቀረው ደረቅ ክብደት ነው። አንዲት ላም በቀን ከራስዋ ክብደት ከመቶ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጅ የሚሆን ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። እንግዲህ 250 ኪሎ የምትመዝን ያገራችን ላም በቀን 6 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ በዓመትም ከ2 ቶን የሚበልጥ ያስፈልጋታል። 400 ኪሎ የምትመዝን የተዳቀለች የወተት ላም ደግሞ በዓመት ከ4 ቶን በላይ ትጠይቃለች።

አሁን መስኩን እንመልከት። ያልተዘራና ያልተከለለ የደጋ ግጦሽ በሔክታር በዓመት ከ2 እስከ 4 ቶን ደረቅ ሣር ቢሰጥ ደኅና ነው፤ ከዚያውም ግማሹ መልሶ እንዲያቈጠቍጥ በቦታው መቅረት አለበት። በዚህ ሒሳብ አንድ ሔክታር አንዲት ያገር ላም እንኳ ዓመቱን ሙሉ አያጠግብም። በቂ ዝናብና ፍግ ያገኘ፣ በደንብ የተያዘ ዝሆኔ ሣር ግን በሔክታር 20 ቶንና ከዚያም በላይ ደረቅ መኖ ይሰጣል። ይህም አራት የተዳቀሉ ላሞች ይቀልባል። ልዩነቱ አምስትና ስድስት እጅ ነው። በጤፍ ወይም በስንዴ ምርት ይህን ያህል ልዩነት ቢታይ ኖሮ ስንት ስብሰባ በተጠራ፣ ስንት ዘገባ በተጻፈ!

ሣርን በሚዛን ማየት የለመደ ሕዝብ ለማየት እስከ ኒውዚላንድ ድረስ መሻገር ያስፈልጋል። ይህች ሩቅ ደሴት በ1882 ዱኔዲን የተባለችው መርከብ የቀዘቀዘ ሥጋ ጭና ለንደን ካደረሰችላት ወዲህ ኑሮዋን በሣር ላይ የመሠረተች አገር ናት። ሣሩ ራሱ ያገሩ ተወላጅ አይደለም፤ ራይግራስ የተባለው ሣርና ነጩ ማገጥ ከእንግሊዝ አገር በዘር መልክ መጥተው የተዘሩ ናቸው። ማገጡ ከአየር ናይትሮጅን እየሳበ ለሣሩ ያበላል፤ ሣሩ ላሚቱን ያበላል። የሚያስደንቀው ግን የገበሬው ጠባይ ነው። በየሳምንቱ ከታች ሳሕን የመሰለ ክብ ብረት የተገጠመበትን ዘንግ ይዞ መስኩን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። ሳሕኑ በሣሩ ላይ ሲያርፍ ከፍታውን ያነባል፤ ከከፍታውም ሣሩ ስንት ኪሎ እንደ ሆነ ያሰላል። በሔክታር 2,800 ኪሎ ገደማ ደረቅ ክብደት ሲደርስ ላሞቹን ያስገባል፤ ወደ 1,500 ኪሎ ሲወርድ ያስወጣል። ከዚያ በታች ቢጋጥ ሣሩ መልሶ የሚያድግበት ቅጠል ያጣል፤ ከዚያ በላይ ቢቈይ ደግሞ አገዳ እየሆነ ጣዕሙና ጥቅሙ ይቀንሳል። በደኅና የተያዘ እርሻ በዚህ ዓይነት በዓመት ከ12 እስከ 18 ቶን ደረቅ ሣር በሔክታር ያገኛል። የእኛ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ የካዝናውን ሒሳብ እንደሚዘጋ፣ የኒውዚላንድ ላም አርቢ የሣሩን ሒሳብ በየሳምንቱ ይዘጋል ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ ግን መልካም ብቻ አይደለም። በማገጡ ላይ የማዳበሪያ ናይትሮጅን እየጨመሩ ወንዞቻቸውን ስላበላሹ፣ መንግሥታቸው ከ2021 ጀምሮ በሔክታር በዓመት ከ190 ኪሎ በላይ እንዳይጨመር ወስኗል።

አየርላንዶችም በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው። ሆኖም በ2013 የጸደይ ብርድ ሲረዝምባቸው ያከማቹት ድርቆሽ አልቆ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ በመርከብ እስከ ማስመጣት ደርሰዋል። የሣር እጥረት የድኃ አገር ችግር ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ያስብ።

ወደ ብራዚል ስንመጣ ነገሩ እኛን ራሳችንን ይነካል። ብራዚል በዓለም ገበያ የበሬ ሥጋ በመሸጥ የታወቀች ናት፤ በሰው እጅ የተዘራ ግጦሽዋም ከ100 ሚሊዮን ሔክታር ይበልጣል። በዚያ ሁሉ መስክ ላይ የሚታየው ሣር በብዛት የአፍሪቃ ሣር ነው! የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ከአፍሪቃ ሣሮች የመጀመሪያዎቹ አሜሪካ የገቡት በባሪያ መርከቦች ውስጥ ለመኝታ ተጐዝጕዘው ነበር። የኋላኛው ግን በእቅድ የተደረገ ነው። ብራኪያሪያ የተባለው የሣር ወገን፣ ሊቃውንት በቅርብ ጊዜ ስሙን ኡሮክሎዋ ብለው ቢለውጡትም፣ ትውልዱ በአብዛኛው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪቃ ደጋና ወይናደጋ ነው። ከኡጋንዳ የተወሰደ አንድ ዓይነት በአውስትራሊያ በኩል ብራዚል ገብቶ፣ ሴራዶ በሚባለው ኰምጣጣ አፈር ባለበት ሜዳ ላይ ተዘራ። ነገር ግን ግንዱን እየመጠጠ አረፋ የሚተፋ አንድ ትንሽ ተባይ ያን ሁሉ መስክ አጠቃው። የብራዚል የእርሻ ምርምር ድርጅት ኤምብራፓ በ1984 ማራንዱ ብሎ ያወጣው ሌላ ዓይነት ተባዩን የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ከዚምባብዌ የሄደ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1984 እና በ1985፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በኮሎምቢያ የሆነው ዓለም አቀፍ የሐሩር እርሻ ማዕከል፣ አዲስ አበባ ካለው የከብት ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ የብራኪያሪያ ዝርያ ለመሰብሰብ ወደ አፍሪቃ ባለሙያዎች ላከ። የዞሩባቸው አገሮች ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ርዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ታንዛንያና ዚምባብዌ ነበሩ። ከአፍሪቃ የሄደው የብራኪያሪያ ሣር በኮሎምቢያ ተመርምሮ፣ ተዳቅሎ፣ ሙላቶ የሚል ስም ወጥቶለት፣ ዘሩ በከረጢት ታሽጎ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ ይኸው ዘር ተመልሶ ወደ ኬንያና ወደ ኢትዮጵያ እየመጣ ይሞከራል። የቡናን ታሪክ ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ ግን ወሰዱብን ብዬ ለማማረር አልጻፍኩም። ሣሩ ከሜዳችን አልጐደለም፤ የጐደለው እኛ ከዚያው ሜዳ ላይ መርጠን፣ ዘርተንና መዝነን አለማየታችን ነው። ብራዚሎችም ቢሆኑ ዋጋውን ከፍለዋል። ለግጦሽ ሲሉ ብዙ ደን መንጥረዋል፤ አንዱን ማራንዱ በብዙ ሚሊዮን ሔክታር ላይ ብቻውን ስለ ዘሩት ደግሞ፣ ውሃ በሚያቍር መሬት ላይ በያለበት እየደረቀ አስቸግሯቸዋል።

ብራዚል ሰፊ ናት፤ መሬት ተርፏት ነው የሚል ተቃውሞ ይመጣ ይሆናል። ስለዚህ መሬት የጠበባቸውን፣ ጐረቤቶቻችን የሆኑትን የኬንያ ደጋ ገበሬዎች እንይ። ከ1954ቱ የስዊነርተን ዕቅድ በኋላ አፍሪቃውያን ገበሬዎች በስማቸው የተመዘገበ መሬትና የውጭ ዝርያ ያላት የወተት ላም እንዲይዙ መንገድ ተከፈተላቸው። ዛሬ ከአንድ ሔክታር በታች ባለው ማሳው ጥግ ላይ ዝሆኔ ሣር ተክሎ፣ ሁለት ላሞች በበረት አስሮ፣ ሣሩን እያጨደ የሚያቀርብላቸው ገበሬ በዚያ አገር እጅግ ብዙ ነው። ላሚቱ ወደ ሣሩ አትሄድም፤ ሣሩ ወደ እርስዋ ይመጣል። ሸክም ሣርም በመንገድ ዳር እንደ ጐመን ይሸጣል። ይህን ያደረገው ስብከት አይመስለኝም። በየጧቱ ወተት የሚሰበስብ ሰው ስለሚመጣና ገንዘቡ ስለሚከፈል ነው። ወተቱን የሚገዛው ያላገኘ ገበሬ ሣር እንዲተክል መምከር በሰማይ ያለችውን ላም እንዲያልብ እንደ መንገር ነው።

ኬንያም የራስዋ ጣጣ አለባት። ዝሆኔው ሣር ሁሉ ከአንድ ግንድ እየተቈረጠ ስለሚተከል፣ አንዱን የያዘ በሽታ ሁሉንም ይይዛል። አናቱን እንደ ጥቀርሻ የሚያጠቍረው በሽታና የሚያቀጭጨው በሽታ ብዙ መስክ አጥፍተው፣ የምርምር ሰዎች ካካሜጋ የተባሉ የሚቋቋሙ ዓይነቶች እስኪያወጡ ድረስ ገበሬው ተቸግሯል። በሌላ በኩል በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በምቢታ፣ ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል በእንግሊዝ አገር ካለው ከሮታምስቴድ ጋር ሆኖ አንድ ብልሃት አግኝቷል። በበቈሎው መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የተባለ የጥራጥሬ ዘመድ መኖ ይዘራል፤ በማሳው ዙሪያ ዝሆኔ ሣር ይተከላል። ዴስሞዲየሙ በሽታው አገዳ ቈርቋሪውን የእሳት ራት ያባርራል፤ አቀንጭራንም ያመክናል። ዝሆኔው ደግሞ የእሳት ራቷን ወደ ራሱ ስቦ ዕንቍላልዋን በእርሱ ላይ እንድትጥል ያደርጋል። ስለዚህ ገበሬው ከአንድ ማሳ ላይ እህልም መኖም ያገኛል። የሰው ምግብና የከብት ምግብ ይጣላሉ ለሚሉት ይህ መልስ ይሆናል።

ስለ ሳዑዲ ዓረቢያ በአጭሩ ልለፍ። በበረሃ መካከል ከምድር ሆድ ውስጥ ጥንታዊ ውሃ እየሳቡ አልፋልፋ ሲያበቅሉ ኖረው፣ ውሃው እየነጠፈ ስለ ሄደ በ2015 መጨረሻ መንግሥታቸው የአረንጓዴ መኖ እርሻ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲቆም ወሰነ። አልማራይ የተባለው ትልቁ የወተት ኩባንያቸው ከዚያ በፊት በ2014 በአሜሪካ አገር በአሪዞና ወደ 4,000 ሔክታር የሚጠጋ መሬት ገዝቶ ድርቆሹን በመርከብ ያስጭን ጀምሮ ነበር። የአሪዞና ሰዎች ግን ውሃችን በድርቆሽ መልክ እየተጫነ ሄደ ብለው ጮኹ፤ በ2023 የግዛቱ አገረ ገዥ ለኩባንያው ቅርንጫፍ ከተከራየው የመንግሥት መሬት አንዱን ውል ለማቋረጥና ሌሎቹን ላለማደስ መወሰናቸውን አስታወቁ። ገንዘብ ያለው ሣር ይገዛል፤ ሣርን መግዛት ግን ውሃን መግዛት ሆኖ ተገኘ።

እነዚህን አገሮች ያስቈጠርኳቸው ወደ ቤታችን ለመመለስ ነው። ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት እንዳላት የስታትስቲክስ ጥናት ይናገራል። ይህ ሁሉ ከብት ከሚበላው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው የተፈጥሮ ግጦሽ ነው፤ ሲሶ ያህሉ ጭድ፣ ገለባና አገዳ ነው፤ ተሻሽሎ የተዘራ መኖ ግን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የጤፍ ጭድ ለጭቃ ቤት ማቡኪያም ይፈለጋል፤ ስለዚህ ላሚቱ ከግንበኛው ጋር ተሻምታ ትበላለች። ጭድ ሆድ ይሞላል፤ ነገር ግን በላሚቱ ጨጓራ ውስጥ ሆነው መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተዋሕስያን ከመኖው ደረቅ ክብደት ከመቶ 7 እጅ ያህል ፕሮቲን ካላገኙ ሥራቸው ይደክማል። የእህል ጭድ ከዚህ በታች ነው። ሆድዋ ሞልቶ የምትራብ ላም ማለት ይህች ናት፤ የወተት ብርጭቆአችንም ከዚህ ላይ ይጐድላል። ባለ ላሙ ጕድለቱን በፉርሽካና በፋጕሎ ለመሙላት ወደ ገበያ ይሮጣል፤ ዋጋውም በወተቱ ላይ ይደመራል።

የድርቆሹም ነገር እንዲሁ ነው። ከሱሉልታና ከአካባቢው ሜዳ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ድርቆሽ ብዙ ጊዜ የሚታጨደው ሣሩ አብቦ፣ ፍሬውን አራግፎ፣ ከቢጫነት አልፎ ነጭ ሲሆን ነው። ቀደም ብሎ ቢታጨድ ፕሮቲኑ ይበልጥ ነበር። አጫጁን ለመውቀስ አልቸኵልም፤ የመስከረም ዝናብ ገና አልቆመም፤ ደግሞም ገዢው የሚከፍለው በእስር ቍጥር እንጂ በጥቅሙ አይደለም። ከፍታው እስኪበቃ ጠብቆ ብዙ እስር ማውጣት ለሻጩ ትርፍ ነው። ድርቆሽን በጥራቱ የሚለይ ገዢ ቢመጣ ማጭዱም ቀደም ብሎ ይሳል ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ዝርያ ያጣን አለመሆናችን ነው። የኒውዚላንዱ ነጭ ማገጥ ዘመዶች የሆኑ ከሃያ የሚበልጡ የማገጥ ዓይነቶች በእኛው ደጋ፣ ክረምት ውሃ በሚያቍረው ጥቍር አፈር ላይ ሳይቀር ይበቅላሉ፤ ከእነርሱም በሌላ አገር የማይገኙ አሉ። ደሾ ሣር ከጨንቻ ተራሮች ተነሥቶ እርከን ለማጽናት ወደ ብዙ ወረዳ ተዳርሷል፤ አፈሩን ይይዛል፤ ከብቱንም ይመግባል። በዚሁ በአዲስ አበባ፣ የከብት ምርምር ማዕከሉ ወራሽ በሆነው በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ግቢ ውስጥ፣ 19,000 ገደማ የሚሆኑ የመኖ ዕፀዋት ናሙናዎች በብርድ ቤት ተቀምጠዋል። የዓለም አገሮች ዘር እየጠየቁ ከዚያ ይወስዳሉ። ብዙዎቻችን በበሩ ፊት በታክሲ እናልፋለን።

ሣርን ቈጥቦ መያዝም ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። የቦረና አርብቶ አደር ለጥጆችና ለደካማ ከብት ካሎ ብሎ የሚዘጋው መስክ አለው። በመንዝ የጓሳ ሜዳ ሕዝቡ በራሱ ሕግ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ በቀጠሮ ከፍቶ ያጭድ ነበር፤ ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም በኋላ ታድሶ ሜዳው ዛሬም በማኅበረሰቡ ይጠበቃል። ቢሆንም ካሎው ሁልጊዜ አያድንም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወራት ተከታትለው በቀሩበት ጊዜ የቦረና ከብት በሚሊዮን ቍጥር አለቀ፤ ድርቆሽ በካሚዮን ተጭኖ ሲላክም ከብቱ የሚበላው ከሚመጣው ይቀድም ነበር። ድርቆሽ ቀላልና ሰፊ ጭነት ስለ ሆነ የማመላለሻው ዋጋ ከራሱ ዋጋ ይበልጣል፤ የሚያድነው አስቀድሞ በአቅራቢያ የተከመረው ነው።

ታዲያ ገበሬው ለምን አይዘራም? ሰነፍ ነው የሚሉ ሰዎች በከተማ አሉ፤ እኔ አልቀበላቸውም። እህሉ ከታጨደ በኋላ ማሳው ሁሉ ለሁሉ ከብት ክፍት በሚሆንበት አገር፣ ብቻውን ዝሆኔ ሣር የሚተክል ሰው ለጐረቤቱ መንጋ መተከሉ ነው። ግማሽ ሔክታር ያለውም ሰው ከላሚቱ በፊት ልጆቹን ማብላት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈታው የልቅ ግጦሹ ነገር ነው፤ እርሱም የሚፈታው ቀበሌው ተስማምቶ ከብቱን በሚያስርበት ጊዜ ነው። ይህ በተደረገባቸው ቦታዎች እርከኑ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ከዚያ በኋላ እርከኑ፣ የአጥሩ ጥግና የቦዩ ዳር ለሣር ይበቃሉ፤ የጤፉን መሬት መንካት አያስፈልግም። ዝሆኔ ሣር ሦስት አንጓ ያለው ቍራጭ ይበቃዋል፤ ደሾ ከሥሩ ተገንጥሎ ይተከላል። ቁም ነገሩ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ሲሆን ማጨድ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ ሲሆን እንጨት መብላት ይሆናል።

በዚህ ጋዜጣ አንባብያን መካከል በእርሻ ነክ መሥሪያ ቤቶች የምትሠሩ ብዙ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። የዓመቱ ዕቅድ ሲዘጋጅ ለስንዴ፣ ለጤፍና ለበቈሎ ዘር የኩንታል ዐምድ አለ፤ ለመኖ ዘርም የቶን ዐምድ ይኑር እላለሁ፤ የሚታጨደውም በሔክታር ስንት ደረቅ ቶን እንደ ሆነ ተመዝኖ ይጻፍ። እስከዚያው በአዲስ አበባ ዳርቻ ሁለትና ሦስት ላም የሚያረቡ ሰዎች ዘወትር የሚጠይቁኝን ጥያቄ ለእናንተ አስተላልፋለሁ፦ የአልፋልፋና የዴስሞዲየም ዘር፣ የዝሆኔና የደሾ ችግኝ በመደበኛነት የሚሸጥበት ቦታ የት ነው? ኪሎውስ ስንት ነው? ዘሩ ከመሸጡ በፊት መብቀሉን የሚመረምረው ማን ነው? የምታውቁ በዚሁ ዐምድ ብትመልሱልን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይደርስልን ነበር።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ አንባቢ፤ ከአዲስ አበባ